በሕግ አምላክ ሲባል

አሥራ አንድ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ዳኝቻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም አሠልጣኝ ወድጄ አላውቅም። ተጫዋቾቹን እወዳቸዋለሁ። ተመልካቹንም፣ ስድቡ ቢበዛ እንኳ፣ አልጠላውም፤ በመንዝ ብርድ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚሳደብ ሰው የስድቡን ዋጋ ከፍሏል። አሠልጣኝ ግን ሌላ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ስለ ትዕግሥት የሚያስተምር ጨዋ መምህር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ጠርዝ ላይ ሲቆም እናቱ የማታውቀው ሰው ይሆናል።

እኔም የስፖርት መምህር ነኝ። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከተሞች መካከል ውድድር ሲኖር ፊሽካ አንጠልጥዬ የምሄደው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ዳኛ መመደብ በእኛ አገር ቅንጦት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምዳኘው ብቻዬን ነው። ብቻውን የሚዳኝ ሰው ደግሞ አሠልጣኞችን የሚገዛበት መላ ያስፈልገዋል። የሚጮኸውን ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ አናግረዋለሁ፤ እኔን ለመስማት ሲል ዝም ማለት ግድ ይሆንበታል። የሚሳደበውን «እስቲ ይድገሙት፣ መዝጋቢው አልሰማዎትም» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ከወደ ግሼ የመጣ አሠልጣኝ «ዕውር» አለኝና ለመዝጋቢው ሦስት ጊዜ እየደጋገመ እንዲያስጽፍ አደረግሁት። በሦስተኛው ላይ ተማሪዎቹ ሲስቁበት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አሁንም ትንሽ ደስ ይለኛል።

መላዬን ሁሉ ከንቱ ያደረጉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። የከተማቸውን ስም አልጠራም፤ አገሩ ጠባብ ነው፣ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም አንቱታውን አልነፍጋቸውም። በወጣትነታቸው ጦር ሰፈር ውስጥ ቅርጫት ኳስ ተጫውተዋል ይባላል፤ ድምፃቸው ከዚያው የቀረ ይመስለኛል። ክረምት ከበጋ ጥቁር በርኖስ ደርበው ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጫፍ ይቀመጣሉ። በርኖሱ ከትከሻቸው ከወረደ ነገር አለ ማለት ነው። የሚያሠለጥኑት የልጃገረዶች ቡድን ስለነበር፣ ልጆቹ ከኳሱ ይልቅ በርኖሱን ሲያዩ ነበር የሚውሉት።

ክፋታቸው ቀልድ ነበረበት፤ የባሰውም እሱ ነው። አንዲት ልጃቸው በስንጥቁ ሲሚንቶ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ፣ እኔ ጨዋታውን አቁሜ ውሃ ስጠራ፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ጥረጊውና ሩጪ፣ ለሜዳው ቀለም አላዘዝንም» አሏት። ተመልካቹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቱ በማሊያዋ ጫፍ ጠርጋ ሮጠች።

እኔና እሳቸው የተቆራረጥነው ግን በሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሚማረው አንድ ነገር አለ፦ «በሕግ አምላክ» ከተባለ ይቆማል። የሚደባደብ ዱላውን እንዳነሳ ይቆማል። የሚሸሽ ይቆማል። እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ። ጠሪውም በበኩሉ ግዴታ አለበት፤ ባስቆመው ሰው ፊት፣ በሰማው መንገደኛ ሁሉ ፊት በደሉን መናገር አለበት። ልጅ ሳለሁ ወንድሜ ሲያባርረኝ ለማምለጥ ብዬ በከንቱ ጮህኩና አባቴ ከአውድማው መጥተው በጎረቤት ፊት አቆሙኝ። «የጠራ ይናገር» አሉ። የምናገረው አልነበረኝም። ወንድሜ እጁን አጣጥፎ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየኝ፣ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ቃሉን በዋዛ ጠርቼው አላውቅም።

አሠልጣኙ ግን ጠሩት። አራት ዓመት ሆነው፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዙር ጨዋታ ላይ ነው። አንዷ ልጃቸው ተጋጣሚዋን በክርኗ ስትመታ አየሁና ፊሽካዬን ነፍቼ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። በርኖሱ ወረደ። «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ቆምኩ። አንድ እጄ ወደ ላይ፣ ፊሽካው ጥርሴ መሐል፣ አንድ እግሬ ተረከዙ እንደተነሳ። አሥሩም ተጫዋቾች ቆሙ። ከአጥሩ ውጭ ሳር ጭኖ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር አህያውን አቆመ። ኳሷ ብቻ እየተንከባለለች ቦይ ገባች። እሳቸው በእርጋታ ወደ ሜዳው መሐል መጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደ ጥንት ጠበቃ እጃቸውን ዘርግተው «ዳኛ ሆይ፣ በደሌን ልናገር» ብለው ጀመሩ። ልጃቸው መጀመሪያ መገፋቷን፣ ክርን ያነሳችው ራሷን ለመከላከል መሆኑን፣ ዳኛው ግን ዓይኑን ለገዛ ከተማው፣ ለመሐል ሜዳ ልጆች እንደሸጠ ተናገሩ፤ ምስክር ቆጠሩ። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። እኔ ቆሜ ሰማሁ።

መቅጣት ነበረብኝ፤ ግን ቆሞ የሰማ ዳኛ በምን አፉ ይቀጣል? ማታ ቪዲዮው በቴሌግራም ከተማውን ሁሉ አዳረሰው። ሰኞ ስምንተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ጠመዝማዛ ወንዝ ተስሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹ ያወጡልኝ ስም «ወራጅ ውሃ» ሆነ። ባለቤቴ እንኳ ቪዲዮውን አይታ ሳቀች፤ ሳቋን ልትደብቀኝ ወደ ጓዳ ገባች እንጂ ሰምቻታለሁ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ያን ዓመት ሁዳዴን የጾምኩት ከነቂሜ ነው። ቅዳሴ ቆሜ የማስበው ስለ እሳቸው ነበር። የጨዋታውን ደንብ መጽሐፍ አውጥቼ እንደ ዳዊት ደገምኩት። የምፈልገውንም አገኘሁ። አሠልጣኝ ከመስመር ውጭ ሆኖ በዳኛ ላይ ከጮኸ ቴክኒካል ፋውል ነው፤ ለተጋጣሚው ቡድን አንድ የቅጣት ውርወራ ይሰጣል። ከዚያ ኳሱ ቀድሞ ይዞት ወደነበረው ቡድን ይመለሳል። የመጀመሪያዋን ግማሽ ወደድኳት። ሁለተኛዋን ግማሽ አልወደድኳትም፤ ኳሱን ለምን እመልስላቸዋለሁ? ቤት ውስጥ ደግሞ ሚስቴን «በሕግ አምላክ በይኝ» እያልኩ ሳልቆም መሄድን ተለማመድኩ። መጀመሪያ ላይ እግሬ በራሱ ይቆም ነበር፤ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከፋሲካ በኋላ የፍጻሜው ጨዋታ እኛው ከተማ፣ መሐል ሜዳ ላይ ሆነ። የደረሱት የእኛ ከተማ ልጆችና የእሳቸው ልጆች ናቸው። ሁለት መራጮች ከደብረ ብርሃን መጥተው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከመዝጋቢው ጎን ተቀመጡ። የሚመርጧቸው ልጆች የስፖርት ማሠልጠኛ ይገባሉ፤ መኝታው፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ እዚያው ነው።

ጨዋታው ሳይጀመር አንዲት ልጅ አጥሩ ሥር ወዳለሁበት መጣች። የእሳቸው ቡድን ስምንት ቁጥር ናት፤ ከሁሉም ረጅሟ፣ አሥረኛ ክፍል።

«ቲቸር፣ መራጮች መጥተዋል የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

እጇን አሻሸች። ቤተሰቦቿ ከዘመሮ ወዲያ ገብስ የሚያርሱ ናቸው። ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ እሁድ እሁድ ግማሽ ቀን በእግር ሄዳ ስንቋን እያመጣች ነው የምትማረው። «አባቴ የፈቀዱልኝ ዘንድሮን ብቻ ነው» አለችኝ። «ሁለት ሰው ከተማ ማስተማር አይችሉም። ከመስከረም ጀምሮ ተራው የወንድሜ ነው። ማሠልጠኛ ከገባሁ ግን የማንንም ተራ አልወስድም።»

«በርቺ» አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል።

«ቲቸር፣ ትራቭል ላይ ይይዙኛል። ስንት እርምጃ ነው? ጋሼን ብጠይቃቸው ይሰድቡኛል።»

ኳሱን ከእጇ ተቀበልኩና አሳየኋት። እየሮጥሽ ኳሱን በሁለት እጅሽ ከያዝሽ ሁለት እርምጃ ይፈቀድልሻል፤ ከዚያ ትወረውሪያለሽ ወይም ታቀብያለሽ። ከቆምሽ በኋላ ግን መራመድ የለም፤ ባለሽበት ሆነሽ ነው የምትወረውሪው አልኳት። እሷም አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት እያለች አጥሩ ሥር ደጋግማ ሠራችው። አንዴም አልተሳሳተችም። «ገባኝ» አለችና ሳቀች፤ የፊት ጥርሷ ትንሽ የተሸረፈ ነው። ሮጣ ሄደች።

ነፋሱ ክፉ ነበር። ኳሷ ወደ አንዱ ቀለበት ስትወረወር ትፈጥናለች፣ ወደ ሌላው ስትወረወር መሐል መንገድ ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች። ያም ሆኖ ስምንት ቁጥር የተጫወተችውን ጨዋታ እዚያ ሜዳ ላይ አይቼ አላውቅም። ኳስ ከሰሌዳው ሲመለስ ከሁሉም በላይ ትዘላለች፤ ሁለት እርምጃዋን ቆጥራ ትወረውራለች። ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ከመራጮቹ አንዱ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አየሁት፤ ጻፈና አሰመረበት።

አሠልጣኙ በአፍ ሲፈልጉኝ ዋሉ። አንድ ጊዜ «ወራጅ ውሃ፣ ዛሬ ወዴት ትወርዳለህ?» አሉኝ ጮክ ብለው። ተመልካቹ አጨበጨበ። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ላናግራቸው ስል እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልክ? ፈሳሽ ነገር አይሰማኝም» አሉ። መላዬ አለቀ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ እየጋለ ወደ ሜዳው ተመለስኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ቀረው። የእሳቸው ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል፤ የለም፣ የሚመሩት የእኛ ልጆች ናቸው፣ እሳቸው በአንድ ነጥብ ወደ ኋላ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ይህችን ቦታ ስናገር ምላሴ ይያዛል። አሠልጣኙ ቀደም ሲል ባለፈ አንድ ግፊያ ላይ ዳኛው ፊሽካ አልነፋም ብለው በርኖሳቸውን ጥለው፣ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ከመዝጋቢው ጋር ይከራከራሉ። በዚህ መሐል ስምንት ቁጥር ከእኛ ልጅ እጅ ኳሱን ነጠቀችና ወደ ቅርጫቱ ብቻዋን ሮጠች። ከፊቷ ማንም የለም። ኳሱን በሁለት እጇ ያዘች። አንድ። ሁለት።

አሠልጣኙ ከመዝጋቢው ዞር ብለው፣ ወደ እኔ ጣታቸውን ቀስረው፣ ልጃቸውን ሳያዩ «በሕግ አምላክ!» አሉ።

እሷ ቆመች።

አሥሩም ቆሙ። ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ልምምዴ ሠርቷል፣ ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ተራመድኩ። ከቀለበቱ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ኳሱን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አንገቷን ወደ እኔ አዙራ ታየኛለች። ከመንደር የመጣች ልጅ ናት፤ በሕግ አምላክ ተብሎ የሚራመድ ሰው አይታ አታውቅም። ፊሽካዬን ትጠብቃለች። ፊሽካው አፌ ውስጥ ነው። ብነፋ ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው፤ የእኛ ልጆች አንድ የቅጣት ውርወራ ያገኛሉ፣ ኳሱ ለእሷ ይመለሳል። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ጾሙን ሙሉ ያነበብኩት እሱን ነው።

አልነፋሁም። የሰዓት ያዡ ስልክ ላይ ሴኮንዱ ይቆጥራል። ዓይን ለዓይን ተያየን። መጀመሪያ ግራ የተጋባ ዓይን ነበር፤ ኋላ እንደማልነፋ ገባት። ሰዓቱን አየች፣ ቀለበቱን አየች፣ ነፋሱ ከፊት ለፊቷ ይመጣል። አንድ እርምጃ ተራመደችና ወረወረች። ገባ።

ያን ጊዜ ነፋሁ። ሁለት እጄን እያሽከረከርኩ ለመዝጋቢው «ኳስ ይዛ ተራምዳለች፣ ነጥቡ አይቆጠርም» አልኩ። ቀጥዬ እንደ እሳቸው ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ወደ አሠልጣኙ ዞርኩ፤ ሕዝቡ እንዲሰማ ጮክ ብዬ «ጋሼ፣ ልጅዎን በሕግ አምላክ ብለው አስቁመዋታል። ቆማልዎታለች። በሉ በደልዎን ይናገሩ!» አልኳቸው።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ሰው ሰው ላይ እየወደቀ ሳቀ። ከጥምቀት በኋላ የሳቁብኝ ተማሪዎች ስሜን በጭብጨባ ጠሩ። አሠልጣኙ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ በርኖሳቸው መሬት ላይ ነው፣ ያለ እሱ ትከሻቸው ጠባብ ኖሯል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ የጣመኝ ነገር የለም። ሰዓቱ አለቀ። በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እኔን ሊነኩኝ አልቻሉም፤ የሳቁባቸውን ሊነኩ አልቻሉም። ቀጥ ብለው ወደ ልጅቱ ሄዱ።

«ማን ቁሚ አለሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ ዳኛውን ነው ያልኩት! አንቺ ዳኛ ነሽ? አንቺ ግንድ! የእኔን ድምፅ ከዳኛ ፊሽካ አትለዪም?»

«አውልቂ ማሊያውን» አሏት። ከሹራቧ በላይ የለበሰችውን ማሊያ በሕዝቡ መሐል አወለቀች፤ ሹራቧ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ማሊያውን አጣጥፋ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። እሷም እንደዘረጋች ቆመች።

መራጩ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ረጅሟስ? ስምንት ቁጥር?» አላቸው።

«ፈሪ ናት። ሰው ሲጮህ ትቆማለች። ሌላ ምረጡ» አሉ ወደ ሌላ እያዩ።

መራጩ አልረካም። ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሁሉንም ቅርብ ሆነህ አይተሃል። ምን ትላለህ?»

ልጅቱ ከእኛ ሁለት እርምጃ ነው የራቀችው። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቄ ነበር። ልጅቱ የቆመችው እንደ ሰው ስላደገች ነው፤ ጥፋቱ የአሠልጣኟ ነው፤ ከእሳቸውም የባሰ የእኔ ነው፤ መንፋት ሲገባኝ አልነፋሁም። ይህን ብል ግን ያገኘኋት ድል እዚያው ትፈርሳለች። ሳቁ ወደ እኔ ይመለሳል። ሰኞ ወንዙ ሰሌዳው ላይ ይሳላል።

«ጎበዝ ናት» አልኩ። «ግን ሕጉን አታውቅም።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ሳበው። አሰምሮባት የነበረችውን ቁጥር ሰረዛት።

«ቲቸር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። አላለቀሰችም። «አሳይተውኝ ነበር እኮ» አለችኝ። ወቀሳ እንኳ አልነበረበትም፤ የረሳሁትን ነገር የምታስታውሰኝ ነበር የሚመስለው። እኔ ጎንበስ ብዬ ኳሶቹን ወደ ኬሻ መክተት ጀመርኩ። ቀና ስል አልነበረችም፤ ማሊያው ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

እኔና አሠልጣኙ ከዚያ በኋላ ሰላምታ አቋረጥን። ሁለት መምህራን ተኮራርፈው ውድድር እንዴት ይካሄዳል ተብሎ ሽማግሌ ተላከብን። ግንቦት ላይ በግ ታረደ፣ የገብስ ጠላ ተጠመቀ። እሳቸው በደላቸውን ተናገሩ፤ በሕዝብ ፊት አዋርዶኛል አሉ። እኔም በደሌን ተናገርኩ፤ ቅጽል ስም አስወጥተውብኛል አልኩ። ሽማግሌዎቹ እያፈራረቁ ገሠጹን። ይቅር ለእግዜር ተባባልን፤ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። ታላቁ ሽማግሌ ከመመረቃቸው በፊት እንደ ወጉ ዞር ዞር ብለው እያዩ «ሌላ በዚህ ጉዳይ የተበደለ አለ?» ብለው ጠየቁ።

እኔ እሳቸውን አየሁ፤ እሳቸው እኔን አዩ።

«የለም» አልን፣ ሁለታችንም።

ሥጋው ጥሩ ነበር። ዛሬ ወዳጆች ነን። የሁለተኛ ልጄ የክርስትና አባት ናቸው፤ መሐል ሜዳ ሲመጡ እኔ ቤት ሳይበሉ አይመለሱም። ስለዚያ ጨዋታ ስንጫወት እሳቸው የእኔን ድምፅ እያስመሰሉ «በሉ በደልዎን ይናገሩ» ይላሉ፤ በሳቅ እንፈርሳለን። ስለ ልጅቱ አንስተን አናውቅም። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት አለመመለሷን የሰማሁት ከሌላ መምህር ነው፤ ተራው የወንድሟ ነበር።

ባለፈው ጥር ለክርስትና ልጃቸው ልደት በግ ልገዛ ዘመሮ ገበያ ሄድኩ። ከበጎቹ ተራ ወደ እህሉ ተራ ስሻገር ከነጠላው ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ ራስ አየሁ። ከጀርባዋ ነው ያየኋት፤ ግን አረማመዷን አውቀዋለሁ። ገብስ የጫነች አህያ ትነዳለች። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ስሟን ፈልጌ አጣሁት። ለካ አላውቀውም፤ ጠይቄያት አላውቅም።

«ስምንት ቁጥር!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር አለች። አየችኝ። ለየችኝ፤ እርግጠኛ ነኝ፣ ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቶ የተሸረፈችው ጥርሷ ታየችኝ። ከዚያ ፊቷን መለሰችና አህያዋን ቸብ አድርጋ ቀጠለች። ተከተልኳት። ሰዉ መንገድ ይዘጋብኛል፣ እሷ እየራቀች ነው። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ይሁን፣ ወይስ እንድትቆምልኝ ብቻ ፈልጌ ይሁን እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልጠራሁትን ጠራሁ።

«በሕግ አምላክ!»

ገበያው ቆመ። ገብስ የምትሰፍር ሴት ቁናዋን አየር ላይ እንደያዘች ቆመች። ሁለት የሚከራከሩ ነጋዴዎች አፋቸውን ዘጉ። አጠገቤ ሙክት ቀንዱን ይዘው የሚጎትቱ ሽማግሌ ቆሙ፤ ሙክቱም ቆመ። እሷ ብቻ አልቆመችም። ከቆመው ሰው መሐል ራሷ እየታየኝ፣ ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ፣ በባሕር ዛፎቹ በኩል ወደ መንገዱ ወጣች።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ማንም አልተነቃነቀም። የሚጠብቁትን አውቃለሁ፤ አባቴም ይህንኑ ነበር የጠበቁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ሽማግሌው የሙክታቸውን ቀንድ ሳይለቁ በትዕግሥት አዩኝ።

«ተናገር እንጂ ልጄ» አሉኝ፤ «ቆመንልሃል እኮ።»